ስንቅና ዘመቻ፤ ስለ ሩቅ መንገድ ምግብ አመራረጥና ስለ 1888 ዓ. ም. ዘመቻ አጭር ጥናት

ስለ ዐድዋ ጦርነት የተጻፉት መጻሕፍት የጠመንጃውንና የመድፉን ብዛት፣ የመኳንንቱን ስምና የሰልፉን አቀማመጥ በሰፊው ይነግሩናል። ወታደሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዐድዋ እስኪደርስ ድረስ ምን እየበላ እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው ግን መልሱን የሚያገኘው እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ነገሩ ከወጥ ቤት ሥራ ስለ ተቈጠረ ይሆናል ከታሪክ ገጽ የቀረው። እኛ ግን ጉዳዩን ስናጠናው ከታሪኩ ዳር ሳይሆን ከመካከሉ የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለሩቅ መንገድ የመረጡት ምግብ የትኛው እንደ ሆነና የመረጡበትን ምክንያት መግለጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ አመራረጥ የዘመቻን ርዝመት እንዴት ይወስን እንደ ነበረ በ1888 ዓ. ም. ዘመቻ ምሳሌነት ማሳየት ነው። አሳባችን በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ሠራዊት ርቆ የሚሄደው ልቡ እስከ ፈቀደለት ድረስ ብቻ ሳይሆን ስልቻው እስከ ፈቀደለት ድረስ ነው የሚል ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ በዕረፍት ጊዜ በእግራችን የሦስት ቀን የተራራ ጉዞ አድርገን ነበር። አብዛኞቻችን በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣና ሥጋ፣ ዳቦና ብርቱካን ተሸከምን። ከገጠር የመጣ አንድ ጓደኛችን ግን የያዘው አንድ ከረጢት በሶ፣ ጥቂት ቆሎና በጨው የተደለዘ በርበሬ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳቅንበት። በሁለተኛው ቀን ዝናብ መጣ፤ እንጨቱ ሁሉ ስለ ራሰ እሳት ማንደድ አልተቻለም፤ ዳቦውም ረጥቦ ተበላሸ። እሱ ከምንጭ ውሃ ቀድቶ በሶውን በጣሳ በጠበጠና ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ምሳችን የሁላችንም ያው የእሱ በሶ ሆነ። ትከሻችንን ያቈሰለው የቆርቆሮ ምግብ አብዛኛው ክብደቱ ቆርቆሮና ውሃ መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

የሩቅ መንገድ ምግብ አራት ፈተናዎችን ማለፍ አለበት ብንል አንሳሳትም። አንደኛ፣ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ኃይል ብዙ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለብዙ ሳምንታት ሳይሻግትና ሳይነቅዝ መቈየት አለበት። ሦስተኛ፣ እሳትና ምጣድ በማይገኝበት ስፍራ ሊበላ የሚቻል መሆን አለበት። አራተኛ፣ ተጓዡ የሚጠብቀውን ሥርዓት፣ በተለይም ጾሙን፣ የማያፈርስ መሆን አለበት። በእነዚህ አራት ነጥቦች የአገራችንን ስንቆች አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

እንጀራ በቤት ውስጥ ዋነኛው ምግባችን ቢሆንም ለሩቅ መንገድ አይመችም። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ በጥቂት ቀናትም ይሻግታል። በአገልግል ተደርጎ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚጓዘው እንጀራ የአንድና የሁለት ቀን መንገደኛ ምግብ ነው። ከዚያ ለሚርቅ ጉዞ እንጀራው ተቈራርሶ በፀሐይ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃው በቤት ይቀራል፤ መንገደኛው የሚሸከመው እህሉን ብቻ ነው። ከሰፈረ በኋላ በውሃ ወይም በወጥ አርሶ ይበላዋል።

ቆሎ ደግሞ እየሄዱ የሚበሉት ስንቅ ነው። ገብሱ፣ ስንዴውና ሽምብራው በመቈላቱ ከእርጥበቱ ይለያል፤ ስለዚህ እሳትም ዕቃም አይፈልግም፤ ከኪስ ወደ አፍ ነው። ከሩቅ አገር ለትምህርት የሚሄደው የቤተ ክርስቲያን ደቀ መዝሙር «የቆሎ ተማሪ» ተብሎ መጠራቱ ይህ ምግብ ከመንገድ ጋር ምን ያህል እንደ ተዛመደ ያስረዳል። ዱቄቱ በበርበሬና በጨው ታሽቶ፣ በትንንሹ ተቈራርጦ የሚበስለው ዳቦ ቆሎም ለብዙ ጊዜ ይቈያል።

በሶ ከሁሉ ይልቅ አራቱን ፈተናዎች በቀላሉ ያልፋል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቈልቶ፣ ደቅቆ ይፈጫል። አስቀድሞ በእሳት ስለ በሰለ ዳግመኛ እሳት አይጠይቅም፤ ጭስ ስለማያስነሣም የዘማቹን ስፍራ ለጠላት አያሳይም። በጥቂት ውሃ ቢጨበጥ ምግብ፣ ውሃው ቢበዛ መጠጥ ይሆናል። ቅቤ ካልገባበት ለጾምም ይሆናል። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ይኸውም ያለ ውሃ ከቶ የማይዋጥ መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጭኮ የሚባለው የተቈላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤና በቅመም ታሽቶ የሚዘጋጀው ነው፤ ለወራት ይቀመጣል። ቋንጣም ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ የደረቀ ነው። ከጥሬ ሥጋ ክብደት ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ውሃ ስለ ሆነ፣ ሦስት ኪሎ ሥጋ ሲደርቅ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ከእነዚህ ሌላ መንገደኛው ዱቄት ብቻ ይዞ ከሆነ ብርኩታ ይጋግራል፤ ድቡልቡል ድንጋይ በእሳት አግሎ ሊጡን በላዩ ይጠቀልልና በፍም ውስጥ ያበስለዋል። ስለዚህ ምጣድ መሸከም አያስፈልገውም።

ከ1769 እስከ 1771 እ. ኤ. አ. በአገራችን የቈየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተቈላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር አድበልብለው በቆዳ ከረጢት እየያዙ ሩቅ መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር ጽፏል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችም የደረቀ ሥጋ ፈጭተው ከቀለጠ ስብ ጋር በመቀላቀል ተመሳሳይ ስንቅ ያዘጋጁ ነበር። በ1911 እ. ኤ. አ. ወደ ደቡብ ዋልታ የገሠገሡት አሳሾችም የያዙት የዚሁ ዓይነት ምግብ ነው። እርስ በርሳቸው ያልተገናኙ ሰዎች ወደ አንድ መፍትሔ መድረሳቸው፣ የስንቅ አመራረጥ የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን የልምድና የማስተዋል ውጤት መሆኑን ያመለክታል።

በዛሬው ስሌት ብንመለከተው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ 100 ግራም የተነጠረ ቅቤ 880 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። አንድ ሰው በቀን 700 ግራም በሶ ቢበላ 2,450 ካሎሪ ያገኛል። ከዚያው ክብደት ሁለት እጁ ዱቄት፣ አንድ እጁ ቅቤ የሆነ ጭኮ ቢበላ ግን ወደ 3,700 ካሎሪ ያገኛል። ሸክም ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ካሎሪ በላይ ስለሚያስፈልገው፣ በሶ ብቻ የያዘው መንገደኛ ቀስ በቀስ እየከሳ ይሄዳል፤ ጭኮ የያዘው ግን ኃይሉን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ስንቅ በራሱ የሚዘጋጅ አይደለም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያታችን፣ አባታቸው በ1928 ዓ. ም. ወደ ማይጨው ሲዘምቱ በቤታቸው የሆነውን ከእናታቸው እንደ ሰሙት አጫውተውናል። የክተት አዋጁ እንደ ተሰማ ቤቱ ሁሉ ወደ ወፍጮ ዞረ። እናቲቱ ቀን ሲቈሉ፣ ሌሊት ሲፈጩ ሰነበቱ፤ ጐረቤትም እየመጣች አገዘች። «ለአባቴ የተሰነቀው የተረፈ እህል አልነበረም፤ ለክረምት የተቀመጠው ነው እንጂ» አሉን አያታችን። አባትዮው ወደ ጦርነት ሲሄዱ ልጆቹ ወደ ረኃብ ሄዱ ማለት ነው። ሰውየው በደኅና ተመልሰው ሲመጡ ባዶውን ስልቻ ይዘው ስለ ነበር፣ ሚስታቸው አጥበው የዘር መያዣ አደረጉት። ስለዚህ ዘማች የሚባለው ጠመንጃ ያነገተው ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ከእውነቱ ግማሹን መተው ይሆናል።

አሁን ወደ 1888 ዓ. ም. ዘመቻ እንምጣ። የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ የታወጀው መስከረም 7 ቀን ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ቀን ነው። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን ስለ ሆነ፣ በመካከሉ 141 ቀን አለ። በዚያ ዘመን መንግሥት ለእያንዳንዱ ወታደር በየቀኑ ምግብ የሚያድልበት ሥርዓት አልነበረም፤ ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። ባለጸጋው በአህያና በበቅሎ ያስጭናል፤ ድኻው በትከሻው ይሸከማል፤ ብዙ ሴቶችም ዱቄት እየፈጩ፣ ውሃ እየቀዱ፣ እየጋገሩ ከሠራዊቱ ጋር ይጓዙ ነበር።

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው ከመሣሪያው ሌላ 15 ኪሎ ስንቅ ቢሸከምና በቀን 700 ግራም ቢበላ፣ ስንቁ የሚበቃው ለ21 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ ያለው መንገድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት ቢሄድ እንኳ 50 ቀን ይፈጃል፤ ለዚህም 35 ኪሎ ስንቅ ያስፈልጋል። ለ141 ቀን ደግሞ ለአንድ ሰው 99 ኪሎ ያህል ይሆናል። ብዙ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ሠራዊቱ 100,000 ያህል ከነበረ፣ የአንድ ቀን ምግቡ 700 ኩንታል ነው። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን የአንዲት ቀን ምግብ 1,400 አህያ ይጠይቃል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ልኩ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ዋናው ነገር አይለወጥም። ዘማቹ ከቤቱ ይዞት የወጣው ስንቅ እስከ ዐድዋ ሊያደርሰው አይችልም ነበር።

በዚህ ላይ የጾሙ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። በ1888 ዓ. ም. ፋሲካ መጋቢት 28 ቀን ስለ ዋለ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 3 ቀን ነው፤ ጦርነቱ የተደረገበት እሑድም የጾሙ 21ኛው ቀን ነበር። ሁለቱ አጽዋማት ረቡዕና ዓርብ ሳይቈጠሩ ከ60 ቀን በላይ ይሆናሉ። በሠራዊቱ ውስጥ የሌላ ሃይማኖት ተከታዮችም ስለ ነበሩ ሁሉም ጾመኛ ነበር አንልም። ሥርዓቱን ለሚጠብቀው ዘማች ግን ከክብደታቸው ይልቅ ኃይላቸው የበዛው ሁለቱ ስንቆች፣ ጭኮና ቋንጣ፣ በእነዚህ ቀኖች አይነኩም። የሚቀሩት በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ናቸው። አራተኛው ፈተና ከአንደኛው ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የጐደለው ከየት መጣ? ከገበሬው ነው። ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ያለው ጎተራ የሠራዊቱ ሁለተኛ ስልቻ ይሆን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. የቈየው ክፉ ቀን ከብቱን በበሽታ፣ ሰውን በረኃብ ከጨረሰ ገና አራት ዓመት ብቻ ማለፉን እናስታውስ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ሸክም ያውቁት ነበር፤ ከክፉ ቀን በኋላ ወታደር በገበሬ ቤት እያረፈ ከሚበላ ለሠራዊቱ ቀለብ ከእህሉ ዐሥራት እንዲከፈል ማዘዛቸው ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ 100,000 ሰው በአንድ አውራጃ ሲከማች ዐሥራት አይበቃውም። የትግራይ ገበሬ ከኢጣልያ ጦርና ከወገን ሠራዊት መካከል ሆኖ ለሁለቱም የሰነቀ ሰው ነው።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ለማየት ወደ 1860 ዓ. ም. እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዕቃውን በበቅሎ፣ በግመልና በ44 ዝሆኖች እያጓጓዘ፣ ከሕዝቡ የሚገዛውን እህል በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ነበር። ይህ የተደረገው ከቸርነት የተነሣ አይደለም። ገበሬው ዋጋ ካገኘ እህሉን ራሱ ወደ ሰፈር ያመጣዋል፤ ካላገኘ ግን ይደብቀዋል። የሰነቀ ጦርና የሚዘርፍ ጦር በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ማለፍ ይችሉ እንደ ሆነ ማመዛዘኑን ለአንባቢ እንተዋለን።

የ1888 ዓ. ም. ዘመቻ የመጀመሪያው ትልቅ ድል ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመቀሌ ከበባ መጣ። በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር ነበር፤ ምሽጉን እንዲለቅ ያስገደደው ግን ጥማት ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጭ የነበሩት ምንጮች ስለ ተያዙ፣ ጦሩ በጥር ወር ምሽጉን ለቆ ወጣ። ስለ በሶ ጉድለት ቀደም ብለን ያልነው እዚህ ይታወሳል። የደረቀ ስንቅ ሁሉ የሚበላው ውሃ ሲገኝ ነው፤ ደረቅ ስንቅ ሲጋግሩ የኖሩ ሴቶች ባሉበት አገር ይህ ምክር ከእቴጌዪቱ መምጣቱ አያስደንቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሠራዊቶች በየካቲት ወር ተፋጠጡ። ጄኔራል ባራቲየሪ በሳውሪያ ምሽጉን ይዞ፣ ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ ሰፍረው፣ አንዱ ሌላውን እስኪያጠቃው ይጠብቅ ነበር። ሲታይ ሁለቱ ጦሮች የሚተያዩ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ስልቻ ነበር። የኢጣልያኑ ስንቅ ከምጽዋ ወደብ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ነው፤ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተመለሱ በኋላ ይህን መንገድ ስለ ወጉበት የምግቡ መምጣት ይበልጥ ተቸገረ። በኢትዮጵያም ሰፈር እህል እያለቀ ሄደ፤ ወታደሮች ምግብ ፍለጋ ወደ ሩቅ ወረዳ ይሄዱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰፈሩን ለቀው ለመሄድ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር።

የካቲት 21 ቀን ማታ ባራቲየሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲመክር፣ በእጁ የቀረው ምግብ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። ወደ ኋላ ቢመለስ ከሮማ መንግሥት ነቀፋ ይጠብቀዋል፤ ቢቈይ ረኃብ አለ። ስለዚህ የካቲት 22 ቀን ሌሊት 17,700 ያህል ሰው ይዞ ከምሽጉ ወጣ። በማግሥቱ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ባራቲየሪ ጥቂት ቀናት የሚያሰነብት ስንቅ ቢኖረው ኖሮ የኢትዮጵያ ሠራዊት እህል አጥቶ በተበተነ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እርግጠኛው ነገር ግን የጦርነቱን ቀን የቈረጠው የሁለቱም ሠራዊት ስንቅ ማለቅ መሆኑ ነው። ከድሉም በኋላ ዐፄ ምኒልክ ጠላታቸውን እስከ ባሕር ያላሳደዱበትን ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎች ሲዘረዝሩ የምግብ እጥረትን አይዘነጉም። መረብ ድንበር ሆኖ ሲቀር የስልቻው ባዶነት በዚያ ውሳኔ ውስጥ ድርሻ ነበረው ማለት ነው።

ይህን ስንል የዘማቹን ጀግንነት ማሳነሳችን አይደለም። እንዲያውም ለ141 ቀን በሶና ቆሎ እየበላ፣ ብዙውንም ጊዜ ያንኑ እያጣ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከዘመናዊ ጦር ጋር የተዋጋውን ሰው ጀግንነት በትክክል የምንመዝነው ስንቁን ስንመዝን ነው። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች አብረው ይመዘናሉ። አንዷ ከልጆቿ አፍ ነጥላ የሰነቀችው ሴት ናት፤ ሌላው ያልተጠየቀውን እህል የሰጠው በመንገዱ ዳር የነበረ ገበሬ ነው። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም በየትኛውም የሰልፍ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከዚህ ጥናት አንድ ማሳሰቢያ ልናቀርብ እንወዳለን። የማይጨውን ዘመቻና የአምስቱን ዓመት የአርበኝነት ዘመን ስንቅ ከእናቶቻቸው አፍ የሰሙ አረጋውያን በየቤታችን ገና አሉ። በውስጥ አርበኝነት ዱር ላሉት ምግብ ያደርሱ የነበሩ ሴቶችን ታሪክ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ምን ያህል ገብስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስልቻው እንዴት እንደሚለፋ፣ ለስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚሰነቅ ጠይቆ የሚጽፍ ተማሪ ለታሪክ ትልቅ አገልግሎት ያደርጋል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደ ወላጆቻችን ስንሄድ አንድ ደብተር ይዘን ወደ ወፍጮ ቤቱ ብንገባ፣ በመጻሕፍት ያላገኘነውን እዚያ እናገኘዋለን ብለን እናምናለን።